ሥራ ሳይለቁ ሕግ ለመማር ሲወስኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቀን ሥራ፣ ማታ ሕግ። በአሜሪካ ብዙ ሰው እንዲህ ተምሮ ጠበቃ ሆኗል። በሙሉ ጊዜ ሦስት ዓመት የሚፈጀው የጄዲ ዲግሪ (ጠበቃ ለመሆን የሚያዘው የሕግ ዲግሪ)፣ ፓርት ታይም ሲሆን ብዙውን ጊዜ አራት ዓመት ይወስዳል። ደሞዝ አይቋረጥም፣ ሥራም ከእጅ አይወጣም። ነገሩ ያጓጓል። ታዲያ ሰው ራሱን «እችለዋለሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅና «አዎ» ብሎ ይመዘገባል። መቻሉን ብዙዎች ይችሉታል። ያልታሰበው ሌላው ነገር ነው የሚያስቸግረው።

የክፍል ሰዓቱን ብቻ መቁጠር

የማታው ፕሮግራም ወረቀት ላይ ሲያዩት አያስፈራም። በሳምንት ሦስት አራት ምሽት ነው። ነገር ግን ለሕግ ትምህርት ቤቶች ዕውቅና በሚሰጠው በአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር (ኤቢኤ) መመዘኛ አንድ ክሬዲት ማለት ለ15 ሳምንት ያህል በየሳምንቱ 50 ደቂቃ ክፍል ውስጥ፣ ቢያንስ 120 ደቂቃ ደግሞ ከክፍል ውጭ ነው። 10 ክሬዲት ያዙ እንበል። ክፍሉ 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ ንባቡ 20 ሰዓት ይሆናል። የ40 ሰዓት ሥራ ሲጨመርበት ከ68 ሰዓት ያልፋል። መንገዱን ገና አልቆጠርነውም።

ያለፈውን ሳምንትዎን በሰዓት ከፋፍለው ይጻፉት። የሚመኙትን ሳምንት ሳይሆን የኖሩትን። ከዚያ 28ቱን ሰዓት የት እንደሚያስገቡ በእርሳስ ይሙሉ። ቅዳሜና እሁድ ወዲያው ሲያልቁ ያያሉ። «በምሳ ሰዓት አነባለሁ» የሚለውን ባይቆጥሩት ይሻላል። የፍርድ ቤት ውሳኔ አንብቦ ፍሬ ነገሩን፣ ጭብጡንና የዳኛውን ምክንያት ለይቶ ማውጣት ስልክ እየጮኸ የሚሆን ነገር አይደለም። ጀማሪ አንዷን ገጽ ሁለት ሦስቴ ይመለስባታል።

በቀን ብቻ የሚገኘውን መርሳት

እኔን ከጠየቁኝ ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ትምህርቱ ማታ ይሰጣል፤ ፍርድ ቤት ግን በአብዛኛው የሚሠራው ቀን ነው። ደንበኛ ይዞ የሚሠራበት የሕግ ክሊኒክ፣ ዳኛ ወይም ዓቃቤ ሕግ ቢሮ የሚደረግ ልምምድ፣ ከቀጣሪዎች ጋር የሚደረግ ቃለ መጠይቅ፣ ሁሉም የቀን ጉዳይ ነው። ኤቢኤ ለመመረቅ ቢያንስ 6 ክሬዲት የተግባር ትምህርት ይጠይቃል። ይህን ማታ በሚሰጥ የማስመሰል ችሎት መሙላት የሚቻልበት ትምህርት ቤት አለ። ዲግሪው ይገኛል ማለት ነው። ልምዱና ትውውቁ ግን በዚያ መንገድ ላይመጣ ይችላል።

የሰመሩም ሥራ አለ። ትልልቆቹ የጥብቅና ድርጅቶች አዲስ ጠበቃ በብዛት የሚቀጥሩት በሰመር ካሠሯቸው ተማሪዎች መካከል ነው። ያ ደግሞ አሥር ሳምንት ገደማ፣ ቀኑን ሙሉ ነው። እዚያ መግባት የሚፈልግ ሰው ከመመዝገቡ በፊት «በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ሰመር ያለ ደሞዝም ቢሆን ፈቃድ አገኛለሁ?» የሚለውን መመለስ አለበት። መልሱ «አይሆንም» ከሆነ፣ ወይ ግቡ ይቀየራል ወይ ሥራው።

ሁሉም ሰው ግን ወደዚያ አይሄድም። ኢንሹራንስ ውስጥ የካሳ ጉዳይ የሚሠራ፣ ወይም መንግሥት ቤት ሆኖ ሲመረቅ ወደ ሕግ ክፍል የሚዛወር ሰው ሥራውን ባይለቅ ይጠቀማል። እሱን ተቀምጦበት ያለው ወንበር ራሱ ይጠቅመዋል።

ለአለቃ መጨረሻ ላይ መንገር

በብዙ የሕግ ኮርሶች ውጤቱን የሚወስነው የሴሚስተሩ የመጨረሻ ፈተና ነው። የሒሳብ ሰው ከሆኑ የዓመት መዝጊያው ዲሴምበር ላይ ነው። ፈተናውም ዲሴምበር ላይ ነው። ይህን ከአለቃ ጋር መነጋገር ያለብዎት ከመመዝገብዎ በፊት ነው። ስምምነቱንም በኢሜይል ያስፍሩት፤ አለቃ ይቀየራል።

«ደሞዝ ስላለኝ ርካሽ ነው» ማለት

ክፍያው ለረጅም ጊዜ ይከፋፈላል እንጂ ትምህርቱ አይቀንስም። ኤቢኤ የሚጠይቀው ዝቅተኛው 83 ክሬዲት ለቀንም ለማታም አንድ ነው። ስኮላርሺፕ ካገኙ ከተወሰነ ነጥብ በታች ሲወርዱ ይቋረጥ እንደሆነ ይጠይቁ። የመጀመሪያ ዓመት ውጤት በአብዛኛው ከክፍል ጓደኞች ጋር እየተነጻጸረ ስለሚሰጥ፣ ያ ነጥብ በጥረት ብቻ የሚያዝ አይደለም።

መሥሪያ ቤትዎ የሚከፍል ከሆነ ጥሩ ነው፤ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ግብር የለበትም። ግን ውሉን ያንብቡት። «ከተመረቁ በኋላ ይህን ያህል ጊዜ ያገለግላሉ፣ አለዚያ ይመልሳሉ» የሚል አንቀጽ የተለመደ ነው። ጠበቃ ለመሆን የሚማር ሰው የራሱን ውል ሳያነብ ቢፈርም ያስቃል።

ለቅርበት ብሎ ትምህርት ቤት መምረጥ

ከሥራ ቦታ መቅረቡ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ በብዙ ግዛቶች ለጠበቃነት ፈተና ለመቀመጥ ኤቢኤ ዕውቅና ከሰጠው ትምህርት ቤት መመረቅ ያስፈልጋል። ዕውቅና ያላቸው ትምህርት ቤቶች ስንት ተማሪ እንዳቋረጠና ስንቱ ፈተናውን እንዳለፈ በየዓመቱ ይፋ ያደርጋሉ። የማታ ተማሪዎቹን ቁጥር ለብቻው እንዲነግሩዎት ይጠይቁ። የቀንና የማታው አማካይ ምንም ላያሳይዎት ይችላል።

የጠበቃነት ፈተናውን ከዕቅድ ማስወጣት

ፈተናው በፌብሩዋሪና በጁላይ መጨረሻ ይሰጣል። ብዙ ተፈታኝ ሁለት ወር ገደማ ሌላ ሥራ ሳይሠራ ይዘጋጃል። የመጨረሻውን ዓመት የዕረፍት ፈቃድ ለሠርግና ለጉዞ አያባክኑት።

አንዴ ከገቡ መውጫ የለም ብሎ ማሰብ

ብዙ ትምህርት ቤቶች ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ወደ ሙሉ ጊዜ መዛወር ይፈቅዳሉ። ኤቢኤ ለመመረቅ የሚሰጠው ጊዜም እስከ 84 ወር ነው። የሙሉ ጊዜ ተማሪ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ የሚከለክለው የኤቢኤ ደንብም በ2014 ተነስቷል፤ ትምህርት ቤቱ የራሱ ገደብ ካለው ግን እሱ ይሠራል። ስለዚህ ፎርሙን ሲሞሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ መዛወር የሚቻለው መቼ ነው፣ አንድ ሴሚስተር ማረፍ ይቻላል ወይ፣ ካቋረጥኩ ገንዘቤ የሚመለሰው እስከ ስንተኛው ሳምንት ነው።