ሬዚደንት ሐኪሞችን ለጨቅላ ሕፃናት አስቸኳይ ሕክምና ማሠልጠን

የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንቶችን (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞችን) ለጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲያዘጋጁ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) እና በጭምብል ትንፋሽ ከመስጠት ይጀምሩ፤ ሲወለድ የማይተነፍስ ጨቅላ በአብዛኛው የሚያስፈልገው መድኃኒት ሳይሆን ወደ ሳንባው የሚገባ አየር ነውና። ሬዚደንቱ በመለማመጃ አሻንጉሊት ላይ ጭምብሉ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ዓይንን እንዳይነካ አድርጎ ይያዝ፣ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ትንፋሽ ይስጥ፤ ደረቱ ካልተነሣ የጭንቅላቱን አቀማመጥና የጭምብሉን አያያዝ ሳያስተካክል ወደ ቀጣዩ እርምጃ እንዲያልፍ አይፍቀዱለት። ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ክህሎት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጨቅላው ደረቱን በሚያነሣ ትንፋሽ 30 ሰከንድ ከታገዘ በኋላም የልብ ምቱ በደቂቃ ከ60 በታች ከሆነ፣ 3 ጊዜ ደረት መጫንንና 1 ትንፋሽን ማፈራረቅ ይከተላል። ከጨቅላነት ላለፈ ሕፃን ግን ሁለት ባለሙያዎች ሲኖሩ ስሌቱ 15 ጊዜ መጫን ለ2 ትንፋሽ ነው፤ በጭንቀት ጊዜ ሁለቱ ስሌቶች ስለሚምታቱ በተለያየ ቀን ያለማምዱ።

መድኃኒት ሲታዘዝ ትእዛዙን የተቀበለው ባለሙያ መጠኑን ጮክ ብሎ ይድገም። ከልምምዱ በኋላ እርስዎ አስተያየት ከመስጠትዎ በፊት ሬዚደንቱ ያደረገውንና ያሰበውን ይናገር፤ ክህሎቱ ሳይደጋገም ስለሚደበዝዝም በየጥቂት ወራቱ ተረኛ ነርሶችን ጨምረው እዚያው በሥራ ክፍሉ ይድገሙት።