መሪው ድንገት ቅልል ካላችሁ
በክረምት የአዲስ አበባ–አዳማን የፍጥነት መንገድ ለምትነዱ፦ ዶፍ እየወረደ መሪው ድንገት ቅልል ካላችሁ፣ ጎማው አስፋልቱን ለቆ ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ነው። ፍሬን በኃይል አትርገጡ፣ መሪም አታወዛውዙ። እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ቀስ አድርጋችሁ አንሱና ጎማው መሬት እስኪይዝ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ።

ውሃውን የሚያስወጣው በጎማው ጥርሶች መካከል ያለው ቦይ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ማስወጫ ጊዜ ያጥረዋል፤ ውሃው ከሥር ገብቶ ጎማውን ያነሳዋል። የአዲስ ጎማ ጥርስ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የአውሮፓ ሕግ እስከ 1.6 ይፈቅዳል፤ እኔ ግን ከ3 ከወረደ ለክረምት አላምነውም። ሊሾ የሆነውማ አይወራ! ንፋሱ የጎደለ ጎማም ቶሎ ይንሳፈፋል። በአራቱም እግር የሚነዳ መኪና መያዝ ደግሞ እዚህ ላይ አያድንም።