ለፎቶ ማስተካከያ የሚሆን ሞኒተር በመጠነኛ ዋጋ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነጭ የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ ፎቶ በስክሪን ላይ አምሮ ከታየ በኋላ ታትሞ ሲመጣ የጥለቱ ቀለም ተለውጦ፣ የፊቷም ቆዳ ጠቁሮ ቢገኝ ወቀሳው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በማተሚያ ቤቱ ላይ ነው። ችግሩ ግን ፎቶው ከተስተካከለበት ሞኒተር የሚጀምርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህን ለማስቀረት የግድ ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጡ በርካታ ሞኒተሮች ለሠርግ አልበምም ሆነ ለድረ ገጽ ሥራ ይበቃሉ። የሚያስፈልገው ገንዘቡን የትኛው ባሕርይ ላይ ማዋል እንደሚገባ ለይቶ ማወቅ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሱቅ ውስጥ የተደረደሩትን ሞኒተሮች በዓይን አወዳድሮ ደመቅ ያለውን መምረጥ ነው። ለሽያጭ የቀረበ ሞኒተር ብዙውን ጊዜ ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ከፍ ተደርጎ፣ ቀለሙም ከልኩ በላይ እንዲደምቅ በሚያደርግ ሞድ ላይ ይቀመጣል፤ የሰው ዓይን ደግሞ ሁለት ስክሪኖች ጎን ለጎን ሲቀርቡለት ወደ ብሩሁ ማድላቱ አይቀርም። ለፎቶ ሥራ የሚፈለገው ግን በፋይሉ ውስጥ ያለውን ቀለም ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚያሳይ ስክሪን በመሆኑ፣ ከሱቁ ትርዒት ይልቅ የሞዴሉን ቁጥር ይዞ የአምራቹን ዝርዝር መግለጫና ገለልተኛ መርማሪዎች በመሣሪያ የለኩትን ውጤት ማንበብ እጅግ ይጠቅማል።

ሁለተኛው የፓነሉን፣ ማለትም ምስሉን የሚፈጥረውን የስክሪኑን ክፍል፣ ዓይነት አለመጠየቅ ነው። ቲኤን የሚባለው ፓነል ርካሽና ፈጣን ቢሆንም አንገትን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርጉ ቀለሙም ብርሃኑም ይለዋወጣል፤ በዚህ ምክንያት የስክሪኑ ላይኛውና ታችኛው ክፍል አንድ ዓይነት ግራጫ እንኳ በእኩል አያሳዩም። ቪኤ የሚባለው ጥልቅ ጥቁር በማሳየት የተሻለ ነው፤ ሆኖም ጨለም ያሉ ቀለሞች በጎን ሲታዩ ስለሚለወጡ የጥቁር ፀጉርን ወይም የጥቁር ሱፍን ዝርዝር የሚያስተካክል ሰው የቱ ትክክል እንደሆነ ለመወሰን ይቸገራል። ለፎቶ የሚመረጠው አይፒኤስ ነው። ንፅፅሩ (ነጩ ከጥቁሩ ስንት እጥፍ እንደሚበራ የሚናገረው ቁጥር) በአብዛኛው 1000 ለ1 አካባቢ በመሆኑ ጥቁሩ እንደ ቪኤ ባይጠልቅም፣ ከየትኛውም አቅጣጫ ሲታይ ቀለሙ ብዙም ስለማይለወጥ ይህን ጉድለቱን መታገሥ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱበት ሦስተኛው ጉዳይ በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የቀለም ስፋት፣ ማለትም ስክሪኑ ሊያሳያቸው የሚችላቸው ቀለማት ክልል፣ ነው። መነሻው ኤስአርጂቢ የተባለው የቀለም ወሰን ነው፤ ይህን ኤችፒና ማይክሮሶፍት በ1996 ያወጡት ሲሆን እስከ ዛሬ ድረስ ለድረ ገጾችና ለብዙ ፎቶ ቤቶች የጋራ መስፈርት ሆኖ ያገለግላል። አንዳንድ አምራቾች ግን ኤስአርጂቢን ትተው በ1953 ለአሜሪካ ቀለም ቴሌቪዥን በወጣው ኤንቲኤስሲ መስፈርት መቶኛውን ይጽፋሉ። 72 በመቶ ኤንቲኤስሲ ማለት በስፋቱ ከሙሉ ኤስአርጂቢ ጋር የሚቀራረብ ነው። በርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚታየው 45 በመቶ ግን የኤስአርጂቢን ሁለት ሦስተኛ እንኳ ለመሙላት የሚቸገር በመሆኑ፣ የጥለቱን ደማቅ ቀይና የሣሩን አረንጓዴ አደብዝዞ ያሳያል። ባለቤቱም የጎደለ መስሎት ቀለም ይጨምርበታል፤ ፎቶው በሌላ ስክሪን ሲከፈት ደግሞ ቀለሙ ከልክ ያለፈ ይሆናል።

ስፋቱ በበዛ ቁጥር ይሻላል ብሎ ማሰብም እንዲሁ ያሳስታል። ከኤስአርጂቢ ሰፋ ያለውን አዶቤ አርጂቢ የተባለ የቀለም ወሰን የሚሸፍኑ ሞኒተሮች ለጥንቃቄ የኅትመት ሥራ ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን የቀለም ፕሮፋይልን (ቀለሙ እንዴት መታየት እንዳለበት ለኮምፒዩተሩ የሚነግረውን መረጃ) በማያነቡ ፕሮግራሞች ውስጥ የሰውን ፊት ያለልክ አቅልተው ያሳያሉ። ስለዚህ ሥራው በኤስአርጂቢ ተጀምሮ በኤስአርጂቢ የሚያልቅ ከሆነ ኤስአርጂቢን ከ95 እስከ 100 በመቶ የሚሸፍንና ቀለሙ በፋብሪካ የተለካ አይፒኤስ ይበቃል። እንዲህ ላለው ሞኒተር አምራቾች ዴልታ ኢ የሚባል መለኪያ ይጠቅሳሉ፤ ይህም መታየት የነበረበት ቀለምና የታየው ቀለም ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚናገር ሲሆን አማካዩ ከ2 በታች ከሆነ ልዩነቱን በዓይን መለየት አዳጋች ነው። 24.1 ኢንች የሆነው የአሱስ ፕሮአርት ፒኤ248ኪውቪ የዚህ ዓይነት ሞኒተር ጥሩ ምሳሌ ነው፤ 1920 በ1200 ፒክሰል አለው፣ ሙሉ ኤስአርጂቢንም ይሸፍናል።

ከዚህ ጋር ትልቅ ስክሪን በዝቅተኛ ሪዞሉሽን (በጥቂት የፒክሰል ብዛት) መግዛትን መጥቀስ ይገባል። 1920 በ1080 የሆነ 27 ኢንች ስክሪን በአንድ ኢንች ውስጥ 82 ያህል ፒክሰል ብቻ ስለሚኖረው የፎቶውን የጥራት ደረጃ መመዘን ያስቸግራል፤ ለዚያ ስፋት 2560 በ1440 ይመረጣል፤ በጀቱ ካልፈቀደ ደግሞ 24 ኢንች መውሰድ ይሻላል። ሚሊዮን ለአንድ የሚል ዳይናሚክ ኮንትራስት፣ 1 ሚሊ ሰከንድ የምላሽ ፍጥነትና ጎባጣ ስክሪን ለጌም ተጫዋች እንጂ ለዚህ ሥራ ገንዘብ ሊወጣባቸው አይገባም። በርካሽ ሞኒተሮች ላይ የሚለጠፈው ኤችዲአር 400 የሚል ምልክትም የቀለም ትክክለኛነት ማረጋገጫ አይደለም።

ከሁሉም የከፋው፣ በእኔ እምነት፣ በጀትን በሙሉ በሞኒተሩ ላይ ጨርሶ ለካሊብሬሽን፣ ማለትም የስክሪኑን ቀለም በመሣሪያ ለክቶ ለማስተካከል፣ ምንም አለማስቀረት ነው። ፋብሪካው በሚገባ የለካው ሞኒተር እንኳ ከፓነሉ ጀርባ ያለው መብራት ሲያረጅ ቀለሙ ይለወጣል፤ ዓይን ደግሞ ፊት ለፊቱ ላለው ነጭ ፈጥኖ ስለሚላመድ ቢጫነትንም ሆነ ሰማያዊነትን መለየት ያቅተዋል። እንደ ስፓይደርና ካሊብራይት ያሉ መለኪያዎች በስክሪኑ ፊት ተንጠልጥለው ቀለማቱን አንድ በአንድ ከለኩ በኋላ ለኮምፒዩተሩ ፕሮፋይል ያዘጋጃሉ። መሣሪያው በየጥቂት ወሩ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያስፈልግ ሁለት ሦስት ባለሙያዎች አዋጥተው ቢገዙት ወጪው ይቀላል። የተለመደው ግብ 6500 ኬልቪን ነጭ (ኬልቪን የነጩን ቢጫነት ወይም ሰማያዊነት ይለካል)፣ 2.2 ጋማ (ከጥቁር ወደ ነጭ ያለው የብርሃን አካሄድ) እና ከ80 እስከ 120 ኒት ብርሃን ነው፤ ኒት የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው።

በተለይ ስለ ብርሃኑ ልብ ማለት ይገባል። አዲስ ሞኒተር ብዙውን ጊዜ ከ250 ኒት በላይ በሆነ ብርሃን ስለሚመጣ ባለሙያው ፎቶው የበራ መስሎት ያጨልመዋል፤ ከታተመ በኋላ ግን ወረቀቱ የራሱ ብርሃን ስለሌለው ምስሉ ጠቁሮ ይቀራል። ጉዳቱ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ፎቶ ላይ ይብሳል፤ በዓይን ዙሪያና በጉንጭ ሥር ያለው ጥላ ከፀጉሩ ጋር ተዋሕዶ የፊቱ ቅርፅ ይጠፋል። መለኪያ እስኪገኝ ድረስ ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ አስቀምጦ፣ በስክሪኑም ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ከፍቶ፣ ሁለቱ እኩል ብሩህ እስኪመስሉ ድረስ የሞኒተሩን ብርሃን መቀነስ ጊዜያዊ መፍትሔ ነው። ስክሪኑን ወደ ቢጫነት የሚወስደውን ናይት ላይትን፣ ኃይል የሚቆጥበውን ኢኮ ሞድንና ብርሃንን በራሱ የሚቀያይረውን ማስተካከያ ማጥፋት፣ ፀሐይ በቀጥታ ስክሪኑ ላይ እንዳታርፍ መጋረጃ ማድረግም አይዘንጋ።

በመጨረሻም ያገለገለ ሞኒተር ሳይፈትሹ መግዛት አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በሁለተኛ እጅ ከሚሸጡት መካከል ለቢሮ ተሠርተው ለፎቶም የሚበቁ ይገኛሉ፤ በ2011 የወጣው ዴል ዩ2412ኤም ለዚህ ምሳሌ ነው፤ አይፒኤስ ፓነልና የኤልኢዲ መብራት አለው። በ2009 የወጣው ዴል ዩ2410 ግን ሰፊ የቀለም ወሰን ቢኖረውም ሲሲኤፍኤል በሚባል የፍሎረሰንት መብራት ስለሚሠራ፣ ይህ መብራት ሲያረጅ እየደከመና ወደ ቢጫነት እየተለወጠ ይሄዳል። ለመግዛት ሲሄዱ በፍላሽ የተወሰኑ ምስሎች ይዞ መሄድ ይረዳል፤ ሙሉ ግራጫ የሆነው ምስል ማዕዘኖቹ ላይ ወይን ጠጅ ወይም ቢጫ ጥላ መኖሩን ያሳያል፤ ሙሉ ጥቁሩ ብርሃን የሚያፈስ ጠርዝንና የማይጠፋ ፒክሰልን ያጋልጣል፤ ከጥቁር ወደ ነጭ በቀስታ የሚሸጋገረው ደግሞ መስመር መስመር ሆኖ ከተቆራረጠ ችግር መኖሩን ይጠቁማል። ፍተሻውን ሞኒተሩ ከተከፈተ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማድረግ ይገባል፤ ገና በተከፈተበት ሰዓት የሚታየው ብርሃንና ቀለም ሥራ ላይ ከሚኖረው ይለያልና።