በታፈኑ ጨቅላ ሕፃናት የአንጎል ጉዳትን ከደም ምርመራ ስንረዳ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በወሊድ ጊዜ የታፈነ (ኦክስጅን ያጠረው) ሕፃን አንጎሉ ምን ያህል እንደተጎዳ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ የተጎዱ የአንጎል ሕዋሳት ወደ ደም የሚለቋቸው ፕሮቲኖች የብዙ ተመራማሪዎችን ትኩረት ስበዋል። አብዛኛው ስህተት የሚፈጸመው ግን በልኬቱ ሳይሆን በውጤቱ አተረጓጎም ላይ ነው።

በጣም የተለመደው ስህተት መታፈንን የሚያሳይ ውጤት የአንጎል ጉዳትንም እንደሚያረጋግጥ አድርጎ መውሰድ ነው። የእትብት ደም ፒኤች (ዝቅ ሲል የደም አሲድነት መጨመሩን የሚያሳይ መለኪያ) 7.0 ወይም ከዚያ በታች መሆኑ፣ ኦክስጅን ሲያጥር በደም የሚከማቸው የላክቴት መጠንም ማሻቀቡ ሕፃኑ በኦክስጅን እጥረት መጎሳቆሉን ይመሰክራሉ እንጂ አንጎሉ መጎዳቱን አያረጋግጡም፤ እንዲህ ያለ ውጤት ኖሯቸው ጤናማ ሆነው የሚያድጉ ብዙ ናቸው። ትሮፖኒን ስለ ልብ፣ የጉበት ኢንዛይሞችም ስለ ጉበት ይናገራሉ፤ በመጀመሪያው ቀን የሚለካው ክሬቲኒን ደግሞ ገና የእናትየውን መጠን ስለሚያንጸባርቅ ስለ ሕፃኑ ኩላሊት እንኳ ብዙ አይናገርም። የእትብት ደም ሲቀዳ ናሙናው ከየትኛው ቧንቧ እንደተወሰደ መመዝገብም ይገባል፤ ደም ከሕፃኑ ወደ እንግዴ ልጁ የሚወስዱት ሁለቱ የደም ቅዳ ቧንቧዎች የሕፃኑን ሁኔታ ሲያሳዩ፣ አንዱ ደም መልስ ግን ከእንግዴ ልጁ የሚመጣውን ደም ስለሚይዝ ውጤቱ ከእውነታው የተሻለ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ከሁሉ የከፋ ሆኖ የማየው ግን ሰዓቱን መርሳት ነው። ጉዳቱ በአንድ ቅጽበት የሚያበቃ አይደለም፤ ሕፃኑ መተንፈስ ከጀመረ በኋላ የአንጎል ሕዋሳት ጉልበት ለጥቂት ሰዓታት ያገገመ መስሎ ይቆይና፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ ሁለተኛ የጉልበት መቋረጥ ይከተላል። ፕሮቲኖቹም ወደ ደም የሚገቡትና ከደም የሚወገዱት በየራሳቸው ፍጥነት ነው። ከነርቭ ሕዋስ የሚወጣው ዩሲኤች-ኤል1 ቀድሞ የሚታይ ሲሆን፣ ከአንጎል ደጋፊ ሕዋሳት የሚወጣው ኤስ100ቢ ከደም ቶሎ ይወገዳል፤ የነርቭ ሕዋስ ጭራ ሲጎዳ የሚለቀቀው ኒውሮፊላመንት ግን የሚጨምረው በቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ በ3ኛው ሰዓት ዝቅ ያለ ኒውሮፊላመንት ማየት አንጎሉ ላለመጎዳቱ ማረጋገጫ አይሆንም። ናሙናው ከተወለደ በስንተኛው ሰዓት እንደተወሰደ ያልተጻፈበት ውጤት ጥቅሙ አነስተኛ ነው፤ ከአንድ ልኬት ይልቅም በተደጋጋሚ የተወሰዱ ልኬቶች አቅጣጫ የበለጠ ያስረዳል።

ፕሮቲኑ ከአንጎል ብቻ የመጣ ነው ብሎ ማሰብም ያሳስታል። ኤስ100ቢ በስብና በልም አጥንት (ካርቲሌጅ) ሕዋሳት ውስጥም ይገኛል። ሌላው የነርቭ ሕዋስ ፕሮቲን ኤንኤስኢ በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥም ስላለ፣ ከተረከዝ ተጨምቆ በወጣና ሕዋሳቱ በፈረሱበት ናሙና ላይ በሐሰት ከፍ ይላል፤ እንዲህ ያለውን ናሙና ጥሎ በአዲስ መተካት ይሻላል። የአዋቂ መለኪያ ድንበርን ለጨቅላ መጠቀም፣ ወይም በተለያዩ መሣሪያዎች የወጡ ቁጥሮችን ማወዳደርም አይገባም።

ሌላው አደገኛ ስህተት ውጤት እየጠበቁ ሕክምናን ማዘግየት ነው። የአንጎል ጉዳትን ለመቀነስ የሚሰጠው የማቀዝቀዝ ሕክምና ሕፃኑ ከተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ የሰውነት ሙቀትን 33.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አድርጎ ለ72 ሰዓት የሚቀጥል ሲሆን፣ ውሳኔው የሚመሠረተው በእርግዝናው ዕድሜ፣ በደም ጋዝ፣ በአፕጋር (ሕፃኑ እንደተወለደ ለትንፋሹ፣ ለልብ ምቱና ለመሳሰሉት የሚሰጥ ነጥብ) እና በተለይም በሐኪም የነርቭ ምርመራ ላይ ነው። ከአንጎል ፕሮቲኖች መካከል እስካሁን የዚህ መደበኛ መስፈርት አካል የሆነ የለም። ሆኖም ለምን እንደሚፈለጉ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ አለ፤ በ2021 ይፋ በሆነውና በህንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ በ408 ሕፃናት ላይ በተካሄደው ጥናት ማቀዝቀዝ ሞትንና የአካል ጉዳትን በጥምር ሳይቀንስ የሞት ቁጥርን ጨምሯል። በአልጋ ላይ ተመሳሳይ መስለው የሚታዩ ሕፃናት የጉዳታቸው መነሻና ጊዜ ሊለያይ ስለሚችል፣ ማን እንደሚጠቀም የሚለይ የደም ምርመራ ቢገኝ ትልቅ ትርፍ ይሆናል።

በመጨረሻም ከአንድ ቁጥር ተነሥቶ ለወላጆች የሕፃኑን የወደፊት ዕጣ መናገር አይገባም። የደሙ ውጤት ከተደጋጋሚ የነርቭ ምርመራ፣ ከአንጎል ሞገድ ክትትልና በመጀመሪያው ሳምንት ከሚነሣው ኤምአርአይ ጋር አብሮ ሊታይ ይገባል፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን የእድገት ግምገማው እስከ 18 ወይም 24 ወር ድረስ መቀጠል እንዳለበት ለወላጆች አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል።