ድራፍቱ አረፋ ብቻ ሲቀዳ፦ ጋዙን ከመቀነሳችሁ በፊት

ጃምቦው ግማሹ አረፋ ከሆነ፣ የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሬጉሌተሩ፣ ማለትም የጋዙን ግፊት ወደሚያስተካክለው መሣሪያ ነው። ጋዙን መቀነስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን ያብሰዋል። ቢራው ውስጥ የሟሟውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አፍኖ የያዘው ግፊት ሲላላ፣ ጋዙ ገና ቢራውን ከበርሜሉ ወደ ቧንቧው በሚወስደው ጎማ ውስጥ እያለ ይለያል፤ ቧንቧው ጋ የሚደርሰውም ቢራና አየር የመሰለ ነገር እየተፈራረቀ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የከፍታው ጣጣ አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ባር ያህል ያንሳል። የግፊት መለኪያው (ጌጁ) የሚያሳየው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ለባሕር ወለል የተሠራ የግፊት ሰንጠረዥ 3 ዲግሪ ላይ ላለ ላገር ቢራ 0.8 ባር ካለ፣ እዚህ 1.05 አካባቢ አድርጉት፤ ጌጁ የሚለካው በሌላው የግፊት መለኪያ፣ በፒኤስአይ ከሆነ 11 የነበረው ወደ 15 ይጠጋል።

ግፊቱ ከፍ ሲል ጎማውም መርዘም አለበት፤ ፍጥነቱን የሚገታው እሱ ነው። የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊሜትር ከሆነ በ3 ሜትር ጀምሩ። ግማሽ ሊትር ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ውስጥ መሙላት አለበት። በጣም ከዘገየ ብቻ 20 ሴንቲሜትር እየቆረጣችሁ ሞክሩ። አጭርና ሰፊ ጎማ ገጥሞ በጋዙ ማስተካከል አይቻልም።

ይህን ሁሉ ከመንካታችሁ በፊት ግን ሙቀቱን ለኩ፤ የፍሪጁን ሳይሆን የቢራውን። ሁለተኛውን ብርጭቆ ቀድታችሁ ቴርሞሜትር ክተቱበት። ከ5 ዲግሪ በላይ ከሆነ ሌላው ሙከራ ሁሉ ከንቱ ነው። አዲስ የመጣ በርሜል አንድ ሙሉ ቀን ይቀዝቅዝ፣ ይረጋጋም። መብራት ከጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ፤ ሲመጣም ወዲያው አትቅዱ። የመጀመሪያው ብርጭቆ ብቻ አረፋ ሆኖ ቀጣዩ ደህና ከሆነ ችግሩ ከፍሪጁ ውጪ ያለው ቧንቧና ጎማ መሞቁ ነው፤ ፍሪጁ ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ፋን ቀዝቃዛውን አየር ወደ ላይ ትገፋለታለች።

ቀጥሎ ጎማውን በባትሪ እያበራችሁ እዩት። አረፋው ከበርሜሉ በኩል ከጀመረ የመጋጠሚያውን ጎሚኒ ቀይሩ፤ ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጥፋተኛው እሱ ነው። ቢራው ንጹሕ ሆኖ መጥቶ መውጫው ላይ ከተበጠበጠ ቧንቧውን ፍቱና እጠቡት። መስመሩ በሁለት ሳምንት አንዴ በቢራ መስመር ማጽጃ ይታጠብ፣ ከዚያም በብዙ ውኃ ይለቅለቅ። ስትቀዱ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ በግማሽ መክፈት ራሱ አረፋ ይፈጥራል። ፍሪዘር ውስጥ በረዶ የሠራ ብርጭቆም እንዲሁ።

ቀድሞውኑ ጋዝ የበዛበት በርሜል ከሆነ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ የበርሜሉን ማስተንፈሻ ሳቡ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድገሙት። ጥቂት ዙር ይፈጃል። ሲሊንደሩ ጠባብ ክፍል ውስጥ ካለ መስኮት ክፈቱ፤ ጋዙ ሽታ የለውም፣ ያፍናል። አረፋው ሲቀንስ ግፊቱን ወደ 1.05 መልሱት።