ሻጩ «ትንሽ ታገሠኝ» ሲል፦ ከውጭ አገር በኦንላይን ስንገዛ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

አንድ ጊዜ ከውጭ አገር የጆሮ ማዳመጫ አዝዤ ቀረብኝ። ሻጩን ጠየቅኩት። «መንገድ ላይ ነው፣ አንድ ሳምንት ታገሠኝ» አለ። ታገሥኩ። ደግሜ ጻፍኩለት። «የበዓል ሰሞን ስለሆነ ነው፤ ካልመጣ ገንዘብህን ሙሉ በሙሉ እመልሳለሁ» አለኝ። አነጋገሩ ትሁት ነበር፤ አመንኩት። ሦስተኛው መልእክቴ መልስ አላገኘም። አቤቱታ ላስገባ ገጹን ስከፍት ቀነ ገደቡ ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል።

ከዚያ ወዲህ የብዙ ጓደኞቼን ጉዳይ አይቻለሁ፤ ታሪኩ ይመሳሰላል። ከውጭ ስንገዛ ገዢን የሚጠብቅ ደንብ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ግን ቀን አለው፤ ቀኑ ሲያልፍ ደንቡም አብሮ ያልፋል። ስለዚህ ማንበባችሁን ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። አሁን በመንገድ ላይ ያለ ዕቃ ካላችሁ የትዕዛዙን ገጽ ክፈቱና የጥበቃው የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ ፈልጉ። ከዚያ ቀን አምስት ቀን ቀድሞ እንዲጠራ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ደወል ሙሉ።

ካርዱ አልሠራም

ይሄ ቀላሉ ነው። ብዙ ጊዜ መንስኤው ከሦስት አንዱ ነው፦ ካርዱ ለውጭ አገር ግዢ አልተከፈተም፣ የማረጋገጫ ኮዱ ወደ አሮጌ ስልክ ቁጥር እየሄደ ነው፣ ወይም የሞላችሁት አድራሻ ባንክ ካለው ጋር አይገጥምም። ደጋግማችሁ አትሞክሩ፤ ባንኩ ጠርጥሮ ካርዱን ሊዘጋው ይችላል። ደውላችሁ አስከፍቱ። ሲሠራላችሁ ደግሞ «በራስህ አገር ገንዘብ ክፈል» የሚል ምርጫ ከመጣ አትቀበሉ። ምንዛሬውን የሚያሰላው ባንካችሁ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ይሆናል፤ ተመኑም ብዙ ጊዜ ይከብዳል።

ሻጩ ከገጹ ውጭ ክፈሉኝ አለ

ምልክቱ፦ «እዚያ ኮሚሽን ይወስዱብኛል፤ በቀጥታ ብትልክልኝ ቅናሽ አደርግልሃለሁ»። ወይም ውይይቱን ወደ ዋትስአፕ ወይም ቴሌግራም ለመውሰድ መቸኮል።

መንስኤው ግልጽ ነው። የገዢ ጥበቃ የሚሠራው ገንዘቡ በገጹ በኩል ሲያልፍ ብቻ ነው። ትሬድ አሹራንስ የሚባለው የአሊባባ የገዢ ጥበቃ ከመድረኩ ውጭ የተከፈለን አይሸፍንም። ፔይፓል በሚባለው የኦንላይን መክፈያ ላይም «ለጓደኛና ለቤተሰብ» በሚለው መንገድ የተላከ ገንዘብ የገዢ ጥበቃ የለውም፤ አጭበርባሪዎች ይህን መንገድ የሚወዱት ለዚህ ነው። በሐዋላ ወይም በክሪፕቶ ከላካችሁ ደግሞ ተቀባዩ እጅ ከገባ በኋላ መመለሻ የለውም ማለት ይቻላል።

መፍትሄው አንድ ቃል ነው፦ እምቢ። ሐቀኛ ሻጭ አይቀየምም። አስቀድማችሁ ልካችሁ ከሆነ በዚያው ቀን፣ ከተቻለ በዚያው ሰዓት፣ ወደ ባንኩ ወይም ወደ አስተላላፊው ደውሉ። ገንዘቡ ገና ካልተወሰደ ሊያስቆሙት ይችላሉ።

ድረ ገጹን አላውቀውም፤ ዋጋው ግን ያጓጓል

በአሳሹ ላይ ያለችው የቁልፍ ምልክት ብዙ ሰው ታሳስታለች። የምትነግራችሁ በእናንተና በገጹ መካከል ያለው መረጃ መመስጠሩን ነው። የገጹን ባለቤት ሐቀኝነት አትነግራችሁም፤ አጭበርባሪም በነፃ ያገኛታል።

ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ፍተሻ አለ። የገጹን ስም የድረ ገጽ ስሞችን የሚያስተባብረው የአይካን (ICANN) መፈለጊያ ላይ አስገቡና መቼ እንደተመዘገበ እዩ። «ለ15 ዓመት ያገለገልን» የሚል ሱቅ ስሙ የተመዘገበው ከስድስት ሳምንት በፊት ከሆነ ጨርሳችኋል፤ ዝጉት። ቀጥሎ አንዱን የዕቃ ፎቶ በምስል ፍለጋ አስሱ። ያው ፎቶ አሥር ቦታ በአሥር የተለያየ ስም ካገኛችሁት ሻጩ ዕቃው እጁ ላይ እንዳለ እርግጠኛ አትሁኑ። ሪቪው ስታነቡም ከአምስት ኮከቡ ይልቅ ሁለትና ሦስት ኮከብ የሰጡትን አንብቡ። ዝርዝሩ ያለው እዚያ ነው።

ትራኪንጉ (የዕቃው መከታተያ) አይንቀሳቀስም

ሰው በጣም የሚጨነቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

«የዕቃው መረጃ ደርሶናል» ብሎ ከቆመ፣ ሻጩ ቁጥሩን አውጥቷል እንጂ ዕቃውን ገና ለፖስታ አላስረከበም። ቶሎ የላኩ ለመምሰል ይህን የሚያደርጉ አሉ። የሥራ ሳምንት ካለፈ ጠይቁት። አጥጋቢ መልስ ከሌለ ትዕዛዙን ሰርዙ፤ ከዕቃው ጉዞ በፊት መሰረዝ ከሁሉም ይቀላል።

«ከላኪው አገር ወጥቷል» ብሎ ዝም ካለ ግን አትደንግጡ። ዕቃው የአውሮፕላን ቦታ እየጠበቀ ወይም መሸጋገሪያ አገር ላይ ይሆናል፤ በመሃል ስካን የሚያደርገው የለም። ሁለትና ሦስት ሳምንት ዝምታ ያለ ነገር ነው። ከቻይና ሲሆን ደግሞ ሁለት ወቅቶችን አስታውሱ፦ ከኖቬምበር 11 ትልቅ ቅናሽ በኋላ ያለው መጨናነቅ፣ እና በጃንዋሪ መጨረሻ ወይም በፌብሩዋሪ የሚውለው የቻይና አዲስ ዓመት፤ ያኔ ፋብሪካውም መጋዘኑም ይዘጋል።

ገጹ «ቁጥሩ አይታወቅም» ካለ ቁጥሩን ራሱን ተመልከቱ። በዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ የሚወጣው ቁጥር 13 ቦታ አለው፦ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ ሁለት ፊደል። የመጨረሻዎቹ ፊደላት ላኪውን አገር ያሳያሉ፤ ሲኤን ቻይና ነው፣ ጄፒ ጃፓን፣ ዲኢ ጀርመን። የመጀመሪያው ፊደል አገልግሎቱን ይናገራል፦ አር የአደራ ፖስታ፣ ኢ ደግሞ ኢኤምኤስ የሚባለው ፈጣን ፖስታ። ዘጠነኛው አኃዝ ከፊቱ ካሉት ስምንቱ ተሰልቶ የሚወጣ ማረጋገጫ ነው። አንዷን አኃዝ ብትስቱ ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምምና መጀመሪያ አጻጻፋችሁን አረጋግጡ። እንደ ዲኤችኤል ያሉ ድርጅቶች የራሳቸው አጻጻፍ ስላላቸው ይህ መለኪያ ለእነሱ አይሠራም።

በመጠበቅ ላይ ሳላችሁ የጥበቃው ቀን ከቀረበ ግን፣ ዕቃው በመንገድ ላይ ቢሆንም አቤቱታውን ክፈቱ። ሻጩን መበደል አይደለም። ዕቃው ከደረሰ ትዘጉታላችሁ።

ደርሷል ይላል፤ እጄ ላይ ግን የለም

መጀመሪያ ደጉን አስቡ። ጎረቤት ወይም ጥበቃ ተቀብሎላችሁ፣ ወይም ማሳወቂያ ወረቀቱ ጠፍቶ ዕቃው ፖስታ ቤት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እነዚህን አጣሩ።

ክፉው እንዲህ ነው። አጭበርባሪው በእናንተው ከተማ ወዳለ ሌላ አድራሻ ባዶ ፖስታ ይልካል። ትራኪንጉ የሚያሳየው ከተማውን ብቻ ስለሆነ «ደርሷል» የሚለው ጽሑፍ ለእሱ ማስረጃ ይሆንለታል። ይህን የሚያፈርሰው ክብደት ነው። ሁለት ኪሎ የሚመዝን ዕቃ አዛችሁ መዝገቡ 20 ግራም ካለ ነገሩ አለቀ። «አስረክቤያለሁ» ያለውን አጓጓዥ ክብደቱን፣ ዕቃው የደረሰበትን አድራሻና የፈራሚውን ስም በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ከአቤቱታው ጋር አያይዙት።

«ዕቃዎ ተይዟል፤ ይክፈሉ» የሚል መልእክት መጣ

እውነተኛም ሐሰተኛም ይመጣል። ሐሰተኛው ትንሽ ገንዘብ ይጠይቅና ሊንክ ያስቀምጣል፤ የሚፈልገው የካርድ ቁጥራችሁን ነው። ሊንኩን አትንኩ። ትራኪንግ ቁጥራችሁን ራሳችሁ ወደ አጓጓዡ ገጽ ገብታችሁ አስገቡ። ክፍያ ካለ እዚያ ይታያል።

እውነተኛ ቀረጥ ሆኖ ካስደነገጣችሁ መንስኤው የሽያጩ ውል ነው። ዲዲፒ ከተባለ ቀረጡን ሻጩ ይከፍላል፤ ዲኤፒ ከተባለ እናንተ። ከመግዛት በፊት ይህን ጠይቁ። ሻጩ «ስጦታ ብዬ ልጻፍልህ» ካለ አትስማሙ። ጉምሩክ ከደረሰበት ዕቃው ሊወረስ ይችላል። ዕቃው ቢሰበር ወይም ቢጠፋም ካሳ የሚሰላው በተጻፈው ዝቅተኛ ዋጋ ነው።

ፓወር ባንክ ወይም ትርፍ ባትሪ አዛችሁ ወደ ላኪው ከተመለሰ ደግሞ አትገረሙ። ለብቻው የታሸገ ሊቲየም አዮን ባትሪ ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት አይሄድም። ባትሪ በደንቡ መላክ የሚችል ሻጭ ፈልጉ።

የመጣው ያዘዝኩት አይደለም

ካርቶኑን ከመክፈታችሁ በፊት ቪዲዮ ጀምሩ። ሌብሉ በደንብ ይታይ፣ ሳታቋርጡ ክፈቱ፣ ዕቃውን አብርታችሁ ሞክሩት። ከተከፈተ በኋላ የሚነሳ ፎቶ ይህን አይተካም።

ፎርጂዱ ሁልጊዜ በዓይን አይታይም። 16 ቴራባይት ይይዛል የተባለ ትንሽ ኤስኤስዲ (የፋይል ማከማቻ) እጄ ገብቶ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት፤ 16 ቴራባይት ይላል። ፋይል ስገለብጥበትም ይቀበላል። ሽፋኑን ስፈታው ውስጡ አንድ ሚክሮ ኤስዲ ካርድ በሙጫ ተጣብቋል፤ ከጎኑ እንዲከብድ የተደረገ ብረት። እንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ለኮምፒውተሩ የሐሰት መጠን እንዲናገር ተደርጎ ነው የሚሠራው። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ፋይሉ ግን አይከፈትም። ሰው የሠርጉን ፎቶ እዚህ ላይ ካስቀመጠ በኋላ ነው የሚያውቀው፤ ያ ያሳዝነኛል። ማንኛውንም ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ በመጣበት ቀን በዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብልዩ (H2testw)፣ በማክና በሊኑክስ ኤፍ3 (F3) በሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ሞልታችሁ ፈትሹ። የውጤቱ ስክሪንሹት ጠንካራ ማስረጃ ነው።

ሐቀኛ ሻጭ ልኮትም የማይሆን ዕቃ አለ። ጃፓን 100 ቮልት፣ አሜሪካ 120 ቮልት ነው፤ ብዙ አገሮች ደግሞ ከ220 እስከ 240። ኢንፑት በሚለው መስመር ላይ «100-240» ከተጻፈ የትም ይሠራል። «120» ብቻ ካለ 230 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። የሶኬት አስማሚ ቅርጹን እንጂ ቮልቴጁን አይቀይርም። ልብስ ስትገዙ ኤምና ኤል የሚሉትን ፊደላት ትታችሁ በሴንቲሜትር የተጻፈውን እዩ፤ ቤት ያለ የሚስማማችሁን ልብስ ለክታችሁ አወዳድሩ።

ሻጩ «ግማሹን ልመልስልህና ዕቃውን ያዘው» ካለ አስቡበት። መልሶ መላክ ከዕቃው በላይ የሚያስወጣ ከሆነ ሊያዋጣ ይችላል። ዕቃው ፎርጂድ ከሆነ ግን ሙሉውን ጠይቁ።

አቤቱታው ራሱ ሲበላሽ

«ደርሶኛል» የሚለውን ቁልፍ ዕቃውን አይታችሁ ሳትፈትሹ አትጫኑ። በብዙ ገበያዎች ያ ቁልፍ ገንዘቡን ለሻጩ ይለቃል።

«አቤቱታውን ዝጋና ወዲያው እመልስልሃለሁ» ከተባላችሁም አትዝጉ። ፔይፓል ላይ የተዘጋ አቤቱታ ዳግም አይከፈትም። መጀመሪያ ገንዘቡ ይግባ።

ቀኖቹን ያዙ። ፔይፓል ላይ ከከፈላችሁበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን አላችሁ። አቤቱታውን ከከፈታችሁ በኋላ ግን በ20 ቀን ውስጥ ፔይፓል ራሱ እንዲዳኘው ወደ ክስ ካላሳደጋችሁት በራሱ ይዘጋል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው በዚህች ሁለተኛዋ ቀን ነው። ኢቤይ ላይ ዕቃው ይደርሳል ከተባለበት ቀን በኋላ 30 ቀን ነው። ገበያው እምቢ ካለ ካርዱን የሰጣችሁን ባንክ ቻርጅባክ፣ ማለትም በካርዱ የተከፈለው እንዲመለስ፣ ጠይቁ። ለቪዛና ለማስተርካርድ የተለመደው ገደብ 120 ቀን ነው፤ ባንካችሁ ሊያሳጥረው ስለሚችል ጠይቁ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትጀምሩ፤ ቻርጅባክ ሲጀመር ፔይፓል የራሱን ጉዳይ ይዘጋል።

አቤቱታ ስትጽፉ ንዴቱን ተዉት። የታዘዘበት ቀን፣ የተባለው ዕቃ፣ የመጣው ዕቃ፣ የምትፈልጉት ገንዘብ፤ አራት መስመር ይበቃል። ከሥሩ የማስታወቂያውን ስክሪንሹት፣ የክብደቱን መዝገብና ቪዲዮውን አያይዙ። የማስታወቂያውን ስክሪንሹት ያዘዛችሁ ዕለት አንሱት፤ ሻጩ በኋላ ሊቀይረው ይችላል።