ብስባሽን የከተማ ፖሊሲ ለማድረግ ሲነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰንዳፋ አካባቢ በ2008 ዓ.ም የተከፈተው የቆሻሻ ማስወገጃ በዙሪያው ባሉ ገበሬዎች ተቃውሞ ብዙም ሳይቆይ ሥራ አቆመ። ገበሬዎቹ ስለ ሽታው፣ ስለ ውሃቸውና ስለ ከብቶቻቸው አቤት ብለው ነበር። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ተመልሶ ወደ ነባሩ መጣያ ወደ ቆሼ ሄደ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሁለቱም ቦታ የከተማውን ቆሻሻ የተሸከመው ቆሻሻውን ያላወጣው ሰው ነው። ከዚህ ቆሻሻ በክብደት ከግማሽ በላዩ ደግሞ የወጥ ቤትና የገበያ ተረፈ ነገር ነው፤ ከሰፈሩ ሳይርቅ ብስባሽ (ኮምፖስት የሚባለው የተፈጥሮ ማዳበሪያ) መሆን ይችል ነበር። ይህን ለማስለወጥ የሚነሱ የነዋሪ ኮሚቴዎች፣ ዕድሮችና የወጣት ማህበራት ጥያቄያቸው ትክክል ሆኖ ሳለ በአቀራረቡ ይሸነፋሉ።

"የብስባሽ ፋብሪካ ይሠራልን" ብሎ መጀመር

ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለናል። ፋብሪካ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ባለሥልጣንም ቃል ለመግባት አይቸገርም። ከገንዳ የወጣ ድብልቅ ቆሻሻ ግን ደህና ብስባሽ አይወጣውም። ሕንድ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ድብልቅ ቆሻሻ የሚቀበሉ ትልልቅ የብስባሽ ማምረቻዎች ገንብታ ነበር፤ አብዛኞቹ ተዘግተዋል። ምርቱ የጠርሙስ ስብርባሪና ፕላስቲክ ስለበዛበት ገበሬው አልፈለገውም፤ ማሽኑን ማሠራት ግን ወጪ ነበረው። ባትሪ፣ የቀለም ቆርቆሮና የተሰበረ አምፖል አንድ ጊዜ ከልጣጩ ጋር ከተቀላቀሉ መርዛማ ብረቶቹን፣ እርሳስንና ካድሚየምን፣ በወንፊት መለየት አይቻልም። በዚሁ ምክንያት ከአሮጌ የቆሻሻ ክምር የተዛቀ ጥቁር አፈር፣ የቱንም ያህል ለም ቢመስል፣ ለጎመንና ለሰላጣ መደብ መዋል የለበትም።

ስለዚህ ከሕንጻው በፊት ደንቡ ይጠየቅ፦ ቆሻሻ ከቤት ሲወጣ ተለይቶ እንዲወጣ፣ ተለይቶ የወጣውም ተለይቶ እንዲጓጓዝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እኩል በጽሑፍ መስፈር አለበት። ለይቶ ያስቀመጣቸው ሁለት ኬሻዎች አንድ ገንዳ ውስጥ ሲገለበጡ ያየ ቤተሰብ ዳግም አይለይም። ለመነሻ ሦስት መለያ ይበቃል፦ የሚበሰብስ፣ ደረቅና አመድ። አመድን ለብቻ ማድረግ ትርፍ ሥራ የሚመስላቸው አሉ። ከሰል በሚነድበት ሰፈር ግን አመዱ ብዙ ነው፤ ክምሩ ውስጥ ሲበዛ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፣ ፍም ከቀረበት ደግሞ ኬሻውን ያነደዋል።

ሳይመዝኑ መናገር

"ሰፈራችን በቆሻሻ ተጥለቅልቋል" የሚል አቤቱታ በየቢሮው ሞልቷል። በቀን ስንት ኪሎ እንደሚወጣና ከዚያ ውስጥ ስንቱ እንደሚበሰብስ የሚናገር ወረቀት ግን ብርቅ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። ኑሯቸው የተለያየ 30 ያህል ቤቶችን መርጠው ለእያንዳንዳቸው ቁጥር የተጻፈበት ኬሻ ይስጡ። ለ8 ተከታታይ ቀናት ይሰብስቡ። የመጀመሪያው ቀን ኬሻ የከረመ ቆሻሻ ስለሚገባበት አይቆጠርም፤ ሒሳቡ በቀሪዎቹ 7 ቀናት ይሠራል። በየቀኑ በተንጠልጣይ ሚዛን ይመዝኑ፣ ሸራ ላይ ዘርግተው በስድስት ይክፈሉ፦ የሚበሰብስ፣ አመድና አፈር፣ ፕላስቲክ፣ ወረቀትና ካርቶን፣ ጠርሙስና ብረት፣ ሌላ። ዳይፐርና መርፌ ሳይነካኩ ወደ "ሌላ" ይግቡ፤ ወፍራም ጓንት የግድ ነው። ድምሩን ለቤት ብዛት ሳይሆን ለሰው ብዛት፣ ከዚያም ለ7 ያካፍሉ።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ መኪናና ገንዳ የሚታሰቡት በሜትር ኪዩብ ነው፣ ሚዛኑ ግን ኪሎ ነው የሚናገረው። 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ሞልተው ከ10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሦስት ጊዜ መሬት ላይ ጣል ጣል ያድርጉት፤ የጎደለውን ሞልተው ይመዝኑ። ኪሎውን በ50 ሲያባዙት የአንድ ሜትር ኪዩብ ክብደት ይወጣል። ከዚያ ወዲህ "በሳምንት ይህን ያህል ገንዳ ይቀንሳል" ብሎ መናገር ይቻላል፤ የበጀት ኃላፊ የሚሰማውም ይህን ነው።

በበዓል ሳምንት ብቻ የተመዘነ ቆሻሻ ስለ ጾሙ ወቅት አይናገርም። ነሐሴ ላይ ሁሉም ነገር በዝናብ የራሰ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳም የበዛበት ነው፤ ኅዳር ላይ ሌላ ነው። ቢያንስ በእነዚህ በሁለቱ ወራት ይመዝኑ።

ሰብሳቢዎቹንና ለቃሚዎቹን ሳያማክሩ ረቂቅ ማቅረብ

ቤት ለቤት የሚሰበስበው ማህበር ክፍያው ወደ ገንዳ ባደረሰው መጠን የሚታሰብ ከሆነ፣ ብስባሽ ማለት ለእሱ የገቢ ቅነሳ ነው፤ ቢቃወም አይፈረድበትም። ረቂቁ ላይ "ተለይቶ ወደ ብስባሽ ቦታ የደረሰ ኪሎ ገንዳ ከሚገባው ባላነሰ ይከፈልበታል" የሚል አንቀጽ ያስገቡ። ነዋሪው የጽዳት ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር ስለሚከፍል የገንዘቡ ምንጭ ይታወቃል፤ ከዚያ ላይ ድርሻ እንዲመደብ መጠየቅ ይቻላል። ቆሼ ላይ በመልቀም የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ በስም ይጠቀሱ። ወደዚያ የሚሄደውን የሚቀንስ ዕቅድ ሁሉ እንጀራቸውን ይነካልና ክምር የማገላበጥ፣ የመንፋትና የመጫን ሥራው ከቦት ጫማ፣ ከጓንትና ከቴታነስ ክትባት ጋር ቅድሚያ ለእነሱ እንዲሰጥ ይጻፍ። ይህ የሌለበት ረቂቅ ፍትሕን እያነሳ ድሃውን የሚያስርብ ይሆናል።

የሙከራ ክምሩ እንዲሸት መተው

አንድ የገማ ክምር አሥር ስብሰባ ያስገነባውን ድጋፍ በሳምንት ያፈርሳል። ጎረቤት ከከሰሰ በኋላ ማስረዳት ዋጋ የለውም።

የአትክልት ተረፈ አብዛኛው ውሃ ነው። ብቻውን ከተከመረ ይሟሽሻል፣ አየር ያጣል፣ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያወጣል። በይዘት ለአንድ ሳጥን ልጣጭ ከአንድ እስከ ሁለት ሳጥን ደረቅ ነገር ይቀላቀልበት፦ የጤፍ ጭድ፣ የቡና ገለባ፣ የተቆራረጠ የበቆሎ አገዳ፣ ከጫት መሸጫ የሚጣል ገረባ። የባሕር ዛፍ ቅጠል በቅርብ ስለሚገኝ ያማልላል፤ ዘይቱ ግን መበስበሱን ስለሚያዘገይ በጥቂቱ ብቻ ይግባ። ከታች 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ወፋፍራም ጭራሮ ይነጠፍ፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ክምሩ ወርዱ 1.5 ሜትር፣ ቁመቱ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ይሁን። ከ1 ሜትር ኪዩብ ያነሰ ክምር በደጋው የሌሊት ብርድ ሙቀቱን አይዝም፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጨርሶ ላይሞቅ ይችላል።

እርጥበቱን በእጅ ጨብጠው ይለኩ። ጠብ ጠብ የሚለው ከአንድ ሁለት ጠብታ ካለፈ ውሃ በዝቷል፤ መዳፍ ላይ ከተበተነ ደርቋል። ሙቀቱ 55 ዲግሪ ደርሶ 15 ቀን መቆየት፣ በእነዚያ ቀናትም 5 ጊዜ መገላበጥ አለበት፤ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንና የአረም ዘር የሚሞቱት እንዲህ ሲሆን ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ፌሮ ብረት መሐሉ ድረስ ሰክተው ከ10 ደቂቃ በኋላ ይንኩት፤ ይዘው መቆየት ካልቻሉ ሞቋል። ዓይን የሚቆጠቁጥ የአሞኒያ ሽታ ከመጣ ጭድ ይጨመር። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አፍርሰው በጭራሮ እንደገና ይከምሩት።

ክረምት ላይ መጀመር በራሱ ስህተት ነው። ሰኔ ላይ ጣሪያ የሌለው ክምር እስከ መስከረም ጭቃ ነው። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ፣ ውሃ በማይተኛበትና ትንሽ ተዳፋት ባለው መሬት ላይ ይጀምሩ፤ የሚወርደው ጥቁር ፈሳሽ በቦይ ተጠራቅሞ ተመልሶ ክምሩ ላይ ይፍሰስ እንጂ ወደ ወንዝ አይሂድ። ሥጋ፣ አጥንትና የበዓል ፈርስ አይግቡበት። በከተማዋ ዳርቻ ውሻ ብቻ ሳይሆን ጅብም ይመጣል።

ለገበሬው የማይሆን ተስፋ መስጠት

"ብስባሽ ዩሪያን ይተካል" የሚል በራሪ ወረቀት ተስፋውን በአንድ መኸር ይጨርሳል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው፤ አንድ ኩንታል ጥሩ ብስባሽ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ገደማ፣ እሱንም በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም አይለቀውም። ብስባሽ የሚመሰገነው በሌላ ነው፦ መረሬ የሚባለውን ጥቁር ከባድ አፈር ያላላል፣ እርጥበት ይይዛል፣ የሚጨመረው ዩሪያ ታጥቦ እንዳይሄድ ያግዛል። ይህን በሐቅ ይንገሩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአካባቢ ጥበቃ ተመራማሪው ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና የዕፅዋት ተመራማሪዋ ሱ ኤድዋርድስ ትግራይ ውስጥ ከገበሬዎች ጋር የጀመሩት የብስባሽ ሥራ ክብደት ያገኘው ምርቱ በገበሬው በራሱ ማሳ ላይ፣ ብስባሽ ካልገባበት ጎን ለጎን ስለተለካ ነው።

ያልበሰለ ብስባሽም አያከፋፍሉ፤ ችግኝ ያቃጥላል። አንድ ጣሳ ውስጥ ብስባሽ፣ በሌላው ተራ አፈር አድርገው በየጣሳው 20 የፌጦ ፍሬ ይዝሩ። ከሳምንት በኋላ በብስባሹ የበቀለው በአፈሩ ከበቀለው በጣም ካነሰ ክምሩ ገና አንድ ወር ይቀረዋል።

ሸክሙን ወደ ሌላ ድሃ ሰፈር ማዛወር

የብስባሽ ቦታም ሲበላሽ ይሸታል፣ ያፈሳል። ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ፣ ውሃው ወደ ማን ጉድጓድ እንደሚወርድ ሳይጠየቅ "ከከተማ ወጣ ያለ ባዶ መሬት" ላይ እንዲሆን መጠየቅ የሰንዳፋን ታሪክ መድገም ነው። ባዶ የሚባለው መሬት የሆነ ሰው ግጦሽ ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 ሕዝብ እንዲመከር መብት ይሰጣል። ከአንድ ግዙፍ ቦታ ይልቅ በየወረዳው ትንንሽ ቦታ ይጠየቅ፤ ያወጣው ሰፈር ራሱ ይያዘው።

የተሳሳተ በር ማንኳኳት

ዳርቻው ላይ መንገድ መሻገር ብቻ መስተዳድር መቀየር ሊሆን ይችላል። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ዓ.ም በተመሠረተው በሸገር ከተማ ሥር፣ በኦሮሚያ ክልል ናቸው። ቆሻሻው ከአዲስ አበባ ወጥቶ ጉዳቱ ኦሮሚያ ውስጥ ከሆነ ደብዳቤው ለሁለቱም ይግባ፣ አንዱ የሌላውን ግልባጭ ይያዝ። ለኦሮሚያ የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ይሁን፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው።

በቃል አቤት ማለት፣ ቀን ሳይቆጥሩ መቀመጥ

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው ብክለት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ይህ መብት ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው የገባበት ቀን በማስረጃ ስለማይታወቅ ነው። ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት ያስገቡ፣ ቁጥር ያስወጡ፣ በቀሪው ኮፒ ላይ ማህተምና ቀን ያስመቱ።

ሕጉን ሲጠቅሱም ይጠንቀቁ። ለዓመታት የተጠቀሰው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ነበር፤ በ2017 ዓ.ም ግን ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቋል። አንቀጽ ከመጥቀስዎ በፊት ነጋሪት ጋዜጣውን በእጅዎ ይያዙ።

ከረጲው ኃይል ማመንጫ ጋር ያለ ምክንያት መጣላት

በ2010 ዓ.ም የተመረቀው ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታሰበ ነው። እርጥብ ልጣጭ ግን እሳቱን ያዳክማል፤ በውስጡ ያለው ውሃ እስኪተን ሙቀቱን ይበላል። የሚበሰብሰው ቀድሞ ከወጣ የቀረው የተሻለ ይነዳል። ይህን በስብሰባ የሚናገር ሰው ተቃዋሚ ይሆናሉ ያላቸውን መሐንዲሶች ከጎኑ ሊያሰልፍ ይችላል።

በግንቦት መጠየቅ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ግንቦት ላይ የሚመጣ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ገንዘቡ ከተደለደለ በኋላ ነው። የነሐሴና የኅዳር ምዘና፣ ከጥቅምት ጀምሮ ሲገላበጥ የቆየው የሙከራ ክምር ውጤትና የአንድ ወረዳ ዝርዝር ወጪ (ጣሪያ፣ ወንፊት፣ አካፋና መንሽ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ ጭድ መግዣ) ጥር ላይ በአንድ ደብዳቤ ታስረው ለወረዳው ጽዳት ጽሕፈት ቤትና ለክፍለ ከተማው ምክር ቤት ይግቡ።